ጎዶሎው የእኛ ድርሻ ነበር

እግር ኳስን በጣቴ የተማርኩት ሽሮ ሜዳ፣ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ቆርቆሮ ቤት፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አስራ ምናምን ልጅ። የተሸነፈ ይከፍላል፤ ጆይስቲኩንም ለተረኛ ያስረክባል። የምንጫወተው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የኮናሚን ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር፣ በእኛ አፍ «ፔስ»።

ፔስ ስም አልነበረውም። ተቀናቃኙ ፊፋ የክለቡንም የማልያውንም መብት ገዝቶ ሲመጣ፣ ፔስ ላይ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ»፣ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ» ነበሩ። በቀደሙት እትሞች ሮበርቶ ካርሎስ ራሱ «ላርኮስ» ተብሎ ነበር። ግን ማን ስም አየ! ኳሷ ከእግር ጋር የተሰፋች አልነበረችም። ትነጥራለች፣ ታመልጣለች፣ በደካማ እግር ከመታሃት ትጠማለች። በ2006 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ፔስ 6 እስካሁን በልቤ አንደኛ ነው።

ፍጹም ስለነበረ ግን አይደለም። ለምሳሌ የአድሪያኖ ግራ እግር ከሩቅ ሲመታ በረኛ አይመልሰውም። እኛ ቤት መፍትሄው ቀላል ነበር፦ ኢንተር ሚላንን መያዝ ክልክል! በጨዋታ መሀል መብራት ሲጠፋ ማን ይከፍላል የሚለውን ደግሞ ታላላቆቹ ይዳኙ ነበር። የተሳሳቱትን ስሞች አንዱ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ አርሞ ሜሞሪ ካርድ ላይ አስቀመጣቸው። ያኔ አልገባኝም እንጂ ኮናሚ ግማሹን ሠርቶ ቀሪውን ለእኛ ትቶልን ነበር።

ማስተር ሊግም ያው ነው። የሚሰጡህ ተጫዋቾች በዓለም ላይ የሌሉ ናቸው፦ በረኛው ኢቫሮቭ፣ መሀል ላይ ሚናንዳ፣ አጥቂው ካስቶሎ። መጀመሪያ እየተሸነፍክ፣ ከዚያ እየተንገዳገድክ፣ ባሸነፍክ ቁጥር በምታገኘው ነጥብ ደህና ተጫዋች ትገዛለህ። ካስቶሎን የሚያህል አጥቂ በገንዘብ ልትተካው ስትል ግን እጅህ ይይዝሃል። አብሮህ ተርቧላ!

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ፔስ 2008 ወደ ፕሌይስቴሽን 3 ሲሻገር ምስሉ ይንቀረፈፍ ነበር፤ ፊፋም በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ዓመታት ኳሱን አሻሽሎ ጥሎት ሄደ። ኮናሚ ስም ፍለጋ የወጣውም ያኔ ነው። ከፔስ 2009 ጀምሮ የቻምፒየንስ ሊግን መብት ያዘ፤ በ2018 ደግሞ ለፊፋ ለቀቀ። በ2019 ጁቬንቱስን ለብቻው ሲያስፈርም ፊፋ ክለቡን «ፒዬሞንቴ ካልቾ» ብሎ ለመጥራት ተገደደ። የድሮ ደጋፊዎች ሳቅን። እኔ ግን ሳቄ መሀል ላይ ቆመ፤ ስም ተገኝቶ ያ የድሮው ደስታ አልተመለሰማ!

በመስከረም 2021 ፔስ የሚለው ስም ራሱ ቀርቶ «ኢፉትቦል» በነጻ ወጣ። የተጫዋቾቹ ፊት መሳለቂያ ሆነ፤ ኮናሚም በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። «ድሮም እኮ ጎዶሎ ነበር፣ አሁን ምን አስቆጣችሁ?» የሚለኝ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። የ2006ቱ ጉድለት ስሙ ላይ ነበር፤ እሱን እኛ መሙላት እንችላለን። የ2021ዱ ጉድለት ኳሷ ላይ ነበር፤ እሷን ከኮናሚ በቀር ማንም አይሞላትም። ሲወጣ ማስተር ሊግም አልነበረውም። በኋላ ብዙው ተስተካክሏል፤ ዛሬ መጥፎ ጨዋታ ነው ብል እዋሻለሁ። ነገር ግን ቡድንህ የካርድ ስብስብ ነው፤ ታዋቂውን ዕድል ያወጣልሃል፣ የተሻለ ካርድ ሲመጣ ትጥለዋለህ። 

ይሄ የእርጅና ምሬት እንዳይሆን ሰግቼ በእህቴ ልጅ ሞከርኩት። አስራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ኢፉትቦልን በስልኩ ይጫወታል፤ ሲሸነፍ ስልኩን ይዘጋና ያልቃል። ማን እንዳሸነፈው አያውቅም። አንድ ቅዳሜ አሮጌውን ፕሌይስቴሽን 2 ከሳጥን አውጥቼ ሰካሁለት፤ የማስተር ሊጉን ቡድኔን ያዝኩ። ካስቶሎ በጭንቅላት አገባበት።

«ጋሼ፣ ይሄ ማነው? የየት አገር ነው?»

«የትም የለም። ፈጠራ ነው።»

«ታዲያ እንዲህ የምትጮህለት ምን ስለሆነ ነው?»

መልስ ሳስብ እሱ ስክሪኑን ትቶ ፊቴን እያየ ነበር። ስልኩ ላይ ያሸነፈውን ሰው ፊት አይቶ አያውቅም። ከዚያ ተጠግቶኝ፣ ትከሻውን ትከሻዬ ላይ አስደግፎ፣ «ድገመኝ» አለ። በሕጉ መሠረት ጆይስቲኩን ማስረከብ ነበረበት። ተረኛ ስለሌለ ማርኩት።