መጽሐፍ የከለከለው ቤት ዛሬ በስሙ ይጠራል

ይህን ታሪክ ሰምቶ ዝም ማለት እንዴት ይቻላል! አሜሪካ ውስጥ፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ ሌክ ሲቲ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ አንድ የድሮ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ዛሬ የሮናልድ ማክኔር የሕይወት ታሪክ ማዕከል ይባላል። ማክኔር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 በቻሌንጀር የጠፈር መንኩራኩር አደጋ ካለቁት ሰባት ሰዎች አንዱ ነው። ለጀግና መታሰቢያ መሰየም በየአገሩ ያለ ነው፤ ይኼኛው ግን ብቻውን ነው። ይህ ቤት እኮ ልጅ ሳለ መጽሐፍ ተከልክሎ ፖሊስ የተጠራበት ያው ቤት ነው!

ታሪኩን የሚተርከው ታላቅ ወንድሙ ካርል ነው። ዘመኑ 1959፣ ሮን ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ። ብቻውን በእግሩ ሄዶ መጻሕፍቱን መረጠ፤ ተሰልፎም ተራው ደረሰ። ሠራተኛዋ ለጥቁር እንደማታውስ ነገረችው፤ ካልወጣህ ፖሊስ እጠራለሁ አለችው። ሮን ንቅንቅ አላለም። ባንኮኒው ላይ ወጥቶ ቁጭ አለና እጠብቃለሁ አላት! ሁለት ፖሊሶች መጥተው ሁከቱ የታለ ብለው ቢያዩ፣ ያገኙት አንድ ፍሬ ልጅ ነው። እናቱ ወይዘሮ ፐርልም ተጠርተው በልባቸው እየጸለዩ ደረሱ። አንደኛው ፖሊስ ለምን መጻሕፍቱን አትሰጪውም አላት፤ እናትም በደንብ እንደሚይዛቸው ቃል ገቡ። ሴትዮዋ ሳትወድ በግዷ አስረከበች። ወይዘሮ ፐርል ታዲያ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው ምን ይባላል አሉት፤ እሱም ሴትዮዋን በአክብሮት አመሰገናት። እኔን አንጀቴን የሚበላው ከፖሊሱም ከባንኮኒውም ይልቅ ይህ ምስጋና ነው። በዚያች ሰዓት እንኳ ልጃቸውን ሥርዓት ያስተምሩ ነበር!

ያ ልጅ በ1976 ከኤም አይ ቲ በፊዚክስ ዶክትሬቱን ያዘ፤ ጥናቱ ሌዘር ነበር። በ1978 ናሳ መረጠው፤ በ1984 ጠፈር ወጣ፤ ከጥቁር አሜሪካውያን ሁለተኛው መሆኑ ነው። ደግሞ ሳክስፎኑን ይዞ ወጥቶ እዚያው ላይ ተጫወተ! ለሁለተኛው ጉዞ ከፈረንሳዊው ሙዚቀኛ ዣን ሚሼል ዣር ጋር ተስማምቶ፣ ጠፈር ላይ ሊቀዳ የተዘጋጀ የሳክስፎን ሥራ ነበረው። መንኩራኩሯ ግን ከተተኮሰች በ73 ሰከንድ ሰማይ ላይ ተበታተነች።

ከዚያ በኋላ ስሙ ያልደረሰበት የለም። የጨረቃ ጀርባ ላይ፣ አፖሎ በሚባለው ሰፊ ጎድጓዳ ስፍራ፣ ሰባቱም የቻሌንጀር ሰዎች በየስማቸው የተሰየመ ጉድጓድ አላቸው፤ አንዱ ማክኔር ነው። ኤም አይ ቲ የጠፈር ምርምር የሚካሄድበትን 37 ቁጥር ሕንፃ በስሙ ሰየመ። ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ከብሩክሊን ሙዚየም ፊት ለፊት በስሙ የተሰየመ መናፈሻ አለ። በስሙ የሚጠሩ ትምህርት ቤቶችም በተለያዩ ግዛቶች አሉ። ሌክ ሲቲ ደግሞ በ2011፣ በሞተ በ25ኛ ዓመቱ፣ ያንኑ ቤት በስሙ ከፈተችለት። ከተማዋ አዲስ ሕንፃ ሠርታ መሰየም ትችል ነበር፤ ያንን ቤት መምረጧ ነው ድንቁ!

ከሁሉ ግን ልቤን የወሰደው ግድግዳ የሌለው መታሰቢያው ነው። በአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር ገንዘብ የሚካሄድ የማክኔር ፕሮግራም አለ። ወላጆቻቸው ኮሌጅ ያልጨረሱ፣ የቤተሰባቸው ገቢ ዝቅ ያለ ተማሪዎችን ተቀብሎ፣ ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ሳሉ ከፕሮፌሰር ጋር ምርምር ያሠራቸዋል፤ ለምርምሩ ይከፍላቸዋል፤ የድኅረ ምረቃ ማመልከቻ አጻጻፍ ሳይቀር ያሳያቸዋል። ልጁ ማክኔር ስኮላር ተብሎ ይወጣል። እስቲ አስቡት፤ የአንድ ሰው ስም ድንጋይ ላይ ሳይሆን በየዓመቱ አዳዲስ ሰዎች ላይ ሲጻፍ! በአሜሪካ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ታክሲ እየነዳችሁ፣ በሆስፒታል ሌሊት እያደራችሁ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያስገባችሁ፣ ይህ ለእናንተም ቤት የታሰበ ነው! ፕሮግራሙ በሁሉም ዩኒቨርሲቲ የለም፤ ዜግነት ወይም ቋሚ መኖሪያ ፈቃድም ይጠይቃል። ልጃችሁ ሁለተኛ ዓመት ሲደርስ ግን ግቢው ውስጥ የማክኔር ቢሮ መኖሩን ሄዶ ይጠይቅ።