የአማቾች ጥላ፦ የአማርኛ የፍቅር ኮሜዲ ከዋግ ሲታይ

የፊሊፒንስ ተመልካች «ዋን ሞር ቻንስ»ን አሁንም አልጠገበውም። ካቲ ጋርሲያ-ሞሊና ያዘጋጀችው ይህ ፊልም በ2007 እ.ኤ.አ. ለእይታ በቃ፤ በ2015 ተከታዩ ተሠራ፤ በ2024 ደግሞ ፔታ የተባለው የቴያትር ማኅበር ቤን ኤንድ ቤን በተሰኘው የሙዚቃ ቡድን ዘፈኖች አጅቦ መድረክ ላይ አወጣው። ታሪኩ ቀላል ነው። መሐንዲሱ ፖፖይና አርክቴክቷ ባሻ ከአምስት ዓመት ፍቅር በኋላ ይለያያሉ። የለያያቸው አባት ወይም ድህነት አይደለም። እሱ ሁሉን ነገር እየወሰነላት መተንፈሻ ስላሳጣት ነው። ጓደኞቻቸው ዙሪያውን ከበው ያስቁናል፤ ቁስሉ ግን የሁለቱ ብቻ ነው። ፊልሙ ሊያረጅ ያልቻለው፣ እንደኔ ግምት፣ ተመልካቹ ጥፋተኛ ሲፈልግ ከጥንዶቹ ሌላ የሚያገኘው ሰው ስለሌለ ነው።

የአማርኛ የፍቅር ኮሜዲም ዕድሜ አለው፤ የተያያዘው መንገድ ግን ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ፍቅረኞቹ እርስ በርስ ብዙም አይጣሉም። ጠባቸው ከዘር ቆጠራ፣ ከአክስት፣ ከሀብታም አባት፣ በአጠቃላይ ከአማቾች ጋር ነው። ሳቁም የሚፈልቀው ከዚያው ነው። የዘውጉ ሥር ከቪዲዮ ፊልም ዘመን በፊት ስለሆነ ወደ ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ መመለስ ግድ ይላል።

የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ መንግሥቱ የቤተ ክህነቱን የቅኔ ተረብ ካባቱ ቤት ወረሰ፤ ለንደን ሲማር ደግሞ በርናርድ ሾውን ወደደ። በ1950ዎቹ የጻፋቸው ሁለቱ ኮሜዲዎች ከሁለቱም ወገን የቀዱ ናቸው። «ያላቻ ጋብቻ» ውጭ አገር ተምሮ የመጣ የባላባት ልጅ የቤት ሠራተኛውን ሊያገባ ሲነሳ የሚፈጠረውን ትርምስ ያሳያል። «ጠልፎ በኪሴ» ደግሞ ዘመናዊ ትምህርት የቀሰሙ የከተማ ጎረምሶች የጠለፋን ልማድ እንሞክር ብለው ሲነሱ የሚገቡበትን ጉድ። በመጀመሪያው ሳቅ የሚበላው የዘር ኩራት ነው፤ በሁለተኛው የተማረው ወንድ ራሱ።

ሁለተኛው ዛሬ ሲነበብ ያስቸግራል፤ ማስቸገሩም ተገቢ ነው። መንግሥቱ ሲጽፍ በሥራ ላይ የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተጠላፊዋ ጠላፊዋን በሕግ ካገባች ክሱን ይተውለት ነበር። በ1997 የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋ፤ ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ከተጠያቂነት እንደማያድን በግልጽ ደነገገ። በመካከሉ ጠላፊዋን ገድላ ፍርድ ቤት የቀረበች የአንዲት ታዳጊ ልጅ ጉዳይ አገሩን አነጋገረ፤ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በዚሁ ላይ ተመሥርቶ የሠራው «ድፍረት» በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። ከ«ድፍረት» በኋላ በጠለፋ መሳቅ ይቻላል? ይቻላል እላለሁ፤ መንግሥቱ ያላገጠው በተጠላፊዋ ሳይሆን በጠላፊዎቹ ስለሆነ። ይህን ልዩነት የሳተ አዘጋጅ ቴያትሩን ዛሬ መድረክ ላይ ቢያወጣው ግን ነውር ይሆናል።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በቪዲዮ ካሜራ እየተቀረጸ የአዲስ አበባን ሲኒማ ቤቶች በሰልፍ ያጨናነቀው ፊልም የመንግሥቱን ቅርጽ ወረሰ። ጥርሱን ግን አልወረሰም። አድማሱ ከበደ በ«የወንዶች ጉዳይ» የፍቅር ኮሜዲ ገበያ እንዳለው ካሳየ ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ ፊልሞች አንድ ሐዲድ ላይ ይሄዳሉ፤ ድሃ ወንድና ሀብታም ሴት፣ ወይም ተቃራኒው፤ ማንነትን መደበቅ፤ መጋለጥ፤ በመጨረሻ የአባት ምርቃት። ልብ ይበሉ፣ አባትየው አይሸነፍም፤ ይራራል እንጂ። «ያላቻ ጋብቻ» የእኩልነትን ጥያቄ ሲያነሳ፣ ተከታዮቹ ድሃውን ሀብታም ቤት አስገብተው ጥያቄውን ያስረሱናል። ተመልካች ይህን የሚወድበት ምክንያት አለው። ልጁ ያለቤተሰብ ይሁንታ ቤት መመሥረት በሚከብደው አገር፣ የአባት «እሺ» ማለት ከመሳሳም የበለጠ የፍቅር ትዕይንት ነው።

ይህ ሁሉ ከዋግ ሲታይ መልኩ ይለወጣል። የዋግ ዋና ከተማ ሰቆጣ ስሟ በብዙኃን መገናኛ የሚነሳው ከድርቅ ጋር ነው፤ የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት መንግሥት በሐምሌ 2007 የገባው ቃል እንኳ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሏል። ስለ ሰቆጣና ስለ ሳቅ አብሮ መጻፍ የሚያስገርመው አንባቢ ካለ፣ ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም ሲፈታ እዚያ ቢገኝ ይበጀዋል። ልጃገረዶች በሻደይ ሣር ወገባቸውን አስረው፣ አጊጠው፣ ተኩለው፣ ከበሮ እየመቱ በቡድን ይወጣሉ። ዋግ ሻደይ፣ ላስታ አሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ የሚለው የአንድ ቤተሰብ በዓል ነው። በእነዚህ ቀናት በሌላው ጊዜ አንገቷን እንድትደፋ የሚጠበቅባት ልጅ አደባባዩን ትይዛለች፤ ለጋሱን ታወድሳለች፣ ቋጣሪውን ትሸነቁጣለች። ጎረምሳው ዐይኑን ይጥላል፤ ሽማግሌ የሚላከው በኋላ ነው። ኮሜዲ የሚያስፈልገው ሁሉ እዚህ አለ፤ በጊዜ የተገደበ ነፃነት፣ የሴት አንደበት፣ ከበስተጀርባ የሚጠብቅ ቤተሰብ።

ያላቻ ጋብቻም በዋግ ባዶ ሐሳብ አይደለም። የዋግሹሞች አገር ነው፤ ዘራቸውን ከዛግዌ ነገሥታት የሚቆጥሩ መሳፍንት የገዙት። ዋግሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ሲነግሥ የትግራዩን ካሣ ምርጫን እኅት ድንቅነሽን አግብቶ ነበር። ጋብቻው ግን አላስታረቃቸውም፤ በ1863 አድዋ አጠገብ አሰም ላይ አማቾቹ ተዋጉ፣ ካሣ አሸነፈ፣ በኋላም አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሆነ። የአማቾች ጉዳይ እዚህ የመንግሥት ታሪክ ነው።

እንዲህ ያለ አገር በፍቅር ኮሜዲያችን ውስጥ የት አለ? የለም። ገጠር በእነዚህ ፊልሞች የሚገባው ብዙውን ጊዜ በዘበኛና በቤት ሠራተኛ አፍ ነው፤ አነጋገሩ የሚያስቅ፣ ሊፍት የሚፈራ፣ የጌቶቹን ፍቅር በስህተት የሚያበላሽ። መንግሥቱ የቤት ሠራተኛዋን ሙሽራ አድርጓት ነበር። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ የመጣው ፊልም ወደ ጓዳ መለሳት፤ በእኔ ሚዛን የዘውጉ ትልቁ ውድቀት ይህ ነው፣ ከድምፅና ከመብራት ጉድለቱ ይልቅ።

ፊሊፒኖች በዚህ ይቀድሙናል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተሠራው «ፓታይ ና ሲ ሄሱስ» በማኒላው ታጋሎግ ሳይሆን በሴቡዋኖ የተነገረ ኮሜዲ ነው፤ አንዲት እናት ትቷቸው ለሄደው ባሏ ቀብር ልጆቿን ጭና ከሴቡ ወደ ዱማጌቴ ስትጓዝ ያሳያል፤ የማኒላም ሰው ጽሑፉን ከሥር እያነበበ ሳቀ። የዋግ አገዎች ቋንቋ ኽምጣና በትምህርት ቤት ይሰጣል፣ በራዲዮም ይሰማል፤ በፍቅር ኮሜዲ ውስጥ ቦታ የሚያጣበት ምክንያት አይታየኝም። ሽማግሌ ይዞ ሰቆጣ የደረሰ የአዲስ አበባ ሙሽራ አለ እንበል። የልጅቷ አያትና አክስት ፊቱ ቁጭ ብለው ስለ ጫማው፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ አበላሉ በኽምጣና ይከራከራሉ፤ እሱ ምርቃት መስሎት «አሜን» ይላል። የሰቆጣ ተመልካች ቀድሞ ይስቃል፤ የአዲስ አበባው ከሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቦ እስኪደርስበት ድረስ ይጠብቅ።