ዋግን የሚያነብ ዓይን

ስንዴን ከዋግ የሚጠብቅ ተመራማሪ ሲሠለጥን ከሚለማመዳቸው ሥራዎች አንዱ በጣም አሰልቺ ነው፤ እኔ የማደንቀው እሱን ነው። ሠልጣኙ 20 የስንዴ ዓይነቶችን በትናንሽ ማሰሮ ያበቅላል፣ ከማሳ የመጣውን የግንድ ዋግ ዱቄት ይረጭባቸዋል፣ ሁለት ሳምንት ያህል ይጠብቃል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቅጠል በቅጠል ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። ጥቃቅን ምልክት ብቻ ያሳየው ተቋቁሟል፤ ሸክላ የመሰለ ቀይ ዱቄት የሞላው ትልልቅ እብጠት ያወጣው ተሸንፏል። ከውጤቱ ለዋጉ ባለአምስት ፊደል መለያ ይወጣለታል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ኩብሳ የተባለውን ስንዴ እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ሲመታው ብዙ ገበሬ ወደ ዲገሉ ዞረ። ዲገሉ ቢጫ ዋግንም፣ ዓለምን ያስደነገጠውን ዩጂ99 የተባለ የግንድ ዋግንም ይቋቋም ነበር። በ2013 ግን ቲኬቲቲኤፍ የተባለ ሌላ የግንድ ዋግ ባሌ ላይ አወደመው። ዝርያ ያረጃል፣ ዋጉም ይለወጣል፤ ለውጡን በጊዜ የሚለይ ሰው ከሌለ አዲሱ ዘርም ዕጣው ያው ነው። መድኃኒት አለ ይባላል፤ አዎ፣ ግን ዋጋው ለአነስተኛ ገበሬ ይከብዳል፣ ዘግይቶ ከተረጨም ብዙ አያድንም። የዘረመል መመርመሪያ መሣሪያም ፈጣን ነው፤ ሆኖም አዲስ የመጣ ዋግ የትኛውን ስንዴ እንደሚጥል በእርግጠኝነት የሚናገረው ስንዴው ራሱ ነው። የሠለጠነው ሰው የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ይሄዳል የሚለው ስጋት እውነት አለው፤ መፍትሔው ግን ብዙ ማሠልጠንና በደንብ መክፈል ነው።