ትርጉም ያልተጻፈበት ማዕድ፦ ስለ «ሳውንድ ኦፍ ሜታል»

የዳሪየስ ማርደር «ሳውንድ ኦፍ ሜታል» በ2021 ለድምፅና ለኤዲቲንግ ኦስካር ሲያገኝ ሰው ሁሉ ያወራው ስለ ድምፁ ነበር። ልክ ናቸው፤ ከበሮ መቺው ሩበን መስማት ሲያቅተው ፊልሙ እኛንም ጆሮው ውስጥ ይዘጋብናል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ቦታ ነው። ሩበን ከሱስ የሚያገግሙ መስማት የተሳናቸው ሰዎች አብረው የሚኖሩበት ቤት ገብቶ ማዕድ ላይ ሲቀመጥ እጆች ይፈጥናሉ፣ ሰው ይስቃል፤ ከስር ግን ምንም አልተጻፈም። የምልክት ቋንቋው ለእኛ የሚተረጎመው እሱ ሲለምደው ነው።

ያን ማዕድ ከወዲያኛው ወገን ሆኜ አውቀዋለሁ። የአክስቴን ልጅ በሰባት ዓመቱ ማጅራት ገትር መስማት ከለከለው። በዓል ላይ ቤቱ በሳቅ ሲሞላ ክንዴን ይነካኛል፤ እኔም በእጄ «ቆይ፣ በኋላ» እለዋለሁ። በኋላ ግን ነግሬው አላውቅም። ቋንቋችንም ያው ነው፤ የማይሰማውንም የማያውቀውንም «ደንቆሮ» ብሎ አንድ ላይ ይጠራል።

የቤቱ ኃላፊ ጆ፣ መስማት አለመቻል የሚጠገን ብልሽት አይደለም ብሎ ያምናል። ሩበን ደግሞ የሚኖርበትን መኪናና የሙዚቃ ዕቃውን ሸጦ በቀዶ ጥገና ኮክሌር ኢምፕላንት ያስገጥማል፤ ጆም ያሰናብተዋል። እኔ ኢንጂነር ነኝ፣ ልቤ ከሩበን ጋር ነበር። ከዓመታት በፊት ያንኑ መሣሪያ ለአክስቴ ልጅ በቪዲዮ አሳይቼዋለሁ። አይቶ ሲጨርስ ስልኬን መለሰልኝና ወሬ ቀየረ።

መሣሪያው ላይ ግን ፊልሙ ትንሽ ያጭበረብራል። ሲበራ የምንሰማው የተሰባበረ፣ የቆርቆሮ የመሰለ ድምፅ ለመጀመሪያው ቀን ያስኬዳል። ጤነኛ ጆሮ ውስጥ 3,500 ገደማ የውስጥ ፀጉር ሕዋሳት የሚሠሩትን በአንዱ የታወቀ ሞዴል 22 ኤሌክትሮዶች ሲተኩት ሌላ ምን ይጠበቃል? አንጎል ግን በወራት ልምምድ ይለምደዋል፤ ብዙ ሰው በዚያ ንግግር ይለያል። ፊልሙ እነዚያን ወራት ዘለላቸው። ስለዚህ ጆ ያሸነፈው መሣሪያው ስለከሸፈ ይመስላል። ሐሳቡ ጠንካራ ከሆነ መሣሪያው ደህና ሠርቶም ማሸነፍ ነበረበት።

ስለ ተዋንያኑስ? ሪዝ አህመድ ከበሮውንም የምልክት ቋንቋውንም ለወራት ተምሯል፤ ለምርጥ ዋና ተዋናይ ኦስካር የታጨ የመጀመሪያው ሙስሊምም ሆኗል። ፊልሙ የሩበንን ዘርና እምነት ጉዳዬ አለማለቱን ወድጄዋለሁ። ጆን የሚጫወተው ፖል ሬሲ ግን ይሰማል። መስማት ከተሳናቸው ወላጆች ስለተወለደ ቋንቋው የቤቱ ነው፣ በዚያ አልከራከርም። ግን ትልልቁ ንግግር ሁሉ የሱ ሆነና መስማት ለተሳናት ለሎረን ሪድሎፍ የተረፈው ዳያን የምትባለው አስተማሪ ናት፤ ደግ፣ ቆንጆ፣ ሩበንን የምታለማምድ። ሌላ ስለሷ ምን እናውቃለን?

ጥያቄው የኔ እንኳን አይደለም። ባለፈው ሳምንት ፊልሙን ከአክስቴ ልጅ ጋር ደግሜ አየሁት። ሲያልቅ ስለ መሣሪያው ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ ስልኩ ላይ «አስተማሪዋስ የት ገባች?» ብሎ ጻፈልኝ። ወደ ኋላ መልሰን የሷን ትዕይንቶች ብቻ እየመረጥን አየን። ቶሎ አለቁ።