ውሃው የገባበትን በር ፈልግ

ክረምት ላይ አዋሽ አርባ ወዳለው ጋራዣችን ከሚገቡት መኪኖች የብዙዎቹ ሞተር ደኅና ነው፤ የታመመው ዲፈረንሻላቸው ነው። ደጋው ላይ የጣለው የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በአዋሽና በገባሮቹ ወርዶ አሚባራንና ገዋኔን ሲያጥለቀልቅ፣ በሚሌና በሠመራ አድርጎ ወደ ጋላፊ የሚያቀናው የጭነት መኪናም የጥጥ እርሻው ትራክተርም ከጎርፍ አያመልጡም። ሹፌሩ ውሃውን ሲሻገር "ተመስገን" ብሎ ይቀጥላል። ዲፈረንሻሉ መጮህ የሚጀምረው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጎርፉን የሚያስታውሰው የለም።

"ዘይቱን ቀይርልኝና ልሂድ" ይለኛል፤ ጭነቱ ይጠበቃላ። "ጋሼ፣ ዘይቱንስ እቀይረዋለሁ፤ ውሃው በየት ገባ?" እላለሁ። ጥበቡ ያለው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። በሩ ሳይዘጋ የተሞላ አዲስ ዘይት እስከ ቀጣዩ ጎርፍ ድረስ ብቻ ያገለግላል።

ውሃ በአብዛኛው የሚገባው ስለተገፋ ሳይሆን ስለተሳበ ነው። ጭነት ይዞ በቆላ ሙቀት ሲጓዝ የዋለ ዲፈረንሻል 90 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። እንደጋለ ጎርፍ ውስጥ ገብቶ እስከ 30 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ በውስጡ የነበረው አየር ከስድስት አንድ እጅ ያህል ይኮማተራል። የጎደለውን ለመሙላት ከውጭ ይስባል። ለዚህ ተብሎ አናቱ ላይ ትንሽ መተንፈሻ ተሠርቶለታል። መተንፈሻው በአፋር አቧራና ጭቃ ከተደፈነ ግን አየር የሚስበው በፓራዮሊው (ዘይቱን በሚያግደው ጎማ) ከንፈር በኩል ነው፤ ከንፈሩ በውሃ ተከቦ ከሆነ የሚገባው ውሃ ነው። ስለዚህ መኪና ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምነካው የማፍሰሻውን ቡሎን ሳይሆን መተንፈሻውን ነው።

ከዚያ ዘይቱን አያለሁ። መኪናው ቆሞ ካደረ ውሃው ከዘይት ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል። የማፍሰሻውን ቡሎን በቀስታ ሲያላሉት ከዘይቱ ቀድሞ ይወጣል። ሲነዳ ቆይቶ የመጣ ከሆነ ግን ጥርሶቹ ውሃና ዘይቱን መትተው አዋህደው ማኪያቶ አስመስለውታል፤ እንዲህ የሆነ ዘይት ቢያስቀምጡትም አይጠራም። መልኩ ካጠራጠረኝ አንድ ጠብታ በጋለ ብረት ላይ አደርጋለሁ፤ ውሃ ያለበት ይንጣጣል፣ የሌለበት ዝም ብሎ ይጨሳል።

በዕድሜ የገፉ መኪኖች፣ በተለይ ኤንትሬና የድሮ አይሱዙ፣ ሌላ ጣጣ አላቸው። ፓራዮሊው አዲስ ቢሆንም ከንፈሩ የሚነካው ብረት በዘመናት መሽከርከር ብዛት ቦይ ሠርቷል፤ ከንፈሩ ቦዩ ላይ ሲያርፍ አይገጥምም። እንዲህ ሲሆን ብረቱን ቶርኖ ቤት ልኮ ማስሞላትና ማስተካከል፣ ካልሆነም ፓራዮሊውን ጥቂት ገፋ አድርጎ ያልተበላው ቦታ ላይ ማሳረፍ ይቻላል። ከአፍዴራ ጨው የሚያመላልሱት መኪኖች ደግሞ ብረታቸው በዝገት ስለሚቦረቦር ፓራዮሊ ቶሎ ይጨርሳሉ። የመተሐራው በሰቃ ሐይቅም ውሃው ጨዋማ ነው፤ ከስድሳ ዓመት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ዛሬ ከ40 በላይ ሆኖ አስፋልቱን ተጠግቷል። ጨዋማ ውሃ የገባበት ኩሽኔታ ዕድሜው አጭር ነው።

ኩሽኔታውን ስፈታ የምፈርደው በጥፍሬ ነው። ውሃው የተወው ጥቁር ነጠብጣብ ለዓይን ብቻ ከታየ ይቆያል፤ ጥፍር ከያዘ ይጣላል። ከዚያ በርካሽ ዘይት ሞልቼ ያለ ጭነት ጥቂት አስነድቼ እንደሞቀ አፈሳለሁ፤ ትክክለኛው ዘይት የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። መተንፈሻውንም በጎማ ቱቦ ቀጥዬ ወደ ሻንሲው ከፍታ አወጣዋለሁ። ወጪው ከሁሉ ያነሰ ነው፤ ጥቅሙ ግን ከሁሉ ይበልጣል።

በጣና፣ በዝዋይና በጫሞ ያሉት የሞተር ጀልባዎች ሕመማቸው ይኸው ነው፤ እንዲያውም ይብስባቸዋል። የጀልባ ሞተር የታችኛው የማርሽ ቤት ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ነው፣ መተንፈሻም የለውም፤ ሸክሙ ሁሉ የወደቀው ፓራዮሊው ላይ ነው። ከፕሮፔለሩ ጀርባ የተጠመጠመ የዓሣ ማጥመጃ ክር ያንን ከንፈር ይቆርጠዋል። የማፍሰሻ ቡሎኑ ትንሽ ጓርኒሲዮንም በተፈታ ቁጥር ካልተቀየረ ውሃ ያስገባል። ባለሙያዎቹ ዘይቱን አፍስሰው አየር ይሞሉና በሳሙና አረፋ ቀዳዳውን ይፈልጋሉ፤ ቀጥሎ አየሩን ስበው መያዙን ያያሉ፤ ሲገፋ ያልታየ ቀዳዳ ሲሳብ ሊታይ ይችላልና። ይህ ለመኪናም ይሠራል፤ በመተንፈሻው በኩል ትንሽ አየር መስጠት ነው፤ ከበዛ ደኅናውን ፓራዮሊ ያወጣዋል።

ሹፌር ወንድሜ፣ ጎርፍ ከፊትህ ካለና ጊዜ ከሰጠህ፣ ዲፈረንሻሉ እስኪበርድ ቆመህ ሻይ ጠጣ። ከተሻገርክ በኋላም በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተር ሳታስነሳ፣ የማፍሰሻውን ቡሎን አላልተህ እይ። ውሃ ካየህ ዘይት ብቻ ቀይሮ የሚሰድህን መካኒክ እሺ አትበለው። በሩን ያሳይህ።