የሬዚደንት ሐኪሞች ሥልጠናና የሴቶች ጤና ሕግ፦ የጳውሎስ ተሞክሮ ሲፈተሽ

በጉለሌ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የማህፀንና ጽንስ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠናን እ.ኤ.አ. በ2012 ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ጀምሯል። የቤተሰብ ዕቅድና ደኅንነቱ የተጠበቀ ጽንስ ማቋረጥ ከመደበኛው ሥልጠና ጋር ተዋሕደው እንዲሰጡ መደረጉ የፕሮግራሙ ዋነኛ ጥንካሬ ነው። ሆኖም ሬዚደንቱ የሚሠራበት ሕግ እንዴት እንደወጣና እንዴት እንደሚሻሻል ሳያውቅ ቢመረቅ፣ የእጁ ችሎታ ብቻውን ምሉዕ ሐኪም አያደርገውም።

ለዚህ ማስረጃው ሕጉ ራሱ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጽንስ ማቋረጥን የፈቀደው የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ከከባድና ዘላቂ አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 551 አስገድዶ መድፈርን፣ በዘመዳሞች መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን፣ የጽንሱን የማይድን ከባድ ጉድለት፣ እንዲሁም ልጅ ለማሳደግ የማያስችል የእናቲቱን የአካል ወይም የአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን አለመድረስ ጨምሯል። ለዚህ ለውጥ የኢትዮጵያ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበር ከተሟገቱት ወገኖች አንዱ ነበር። ክርክሩም ደኅንነቱ ባልተጠበቀ ጽንስ ማቋረጥ ሳቢያ በየሆስፒታሉ የሚታየውን ሞትና ጉዳት መሠረት ያደረገ ነበር።

የሕጉ ትልቁ ብልህነት አንቀጽ 552 ላይ ይታያል፤ ተደፍራ ያረገዘች ሴት ቃሏ ብቻ በቂ ማስረጃ ነው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያም የዕድሜ ማረጋገጫ ሳይጠየቅ ታካሚዋ የተናገረችው ዕድሜ እንዲመዘገብ ደንግጓል። ይህን የማያውቅ ሐኪም የፖሊስ ወረቀት በመጠየቅ ብቻ ሕጉ የከፈተውን በር መልሶ ሊዘጋው ይችላል።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ሕጉ ጽንስ ማቋረጥን በመርህ ደረጃ ወንጀል አድርጎ ይጀምራል፤ ፈቃዱ የሚመጣው በልዩ ሁኔታ ነው። ከባድ ድህነት በአንቀጽ 550 ቅጣት ማቅለያ እንጂ የፈቃድ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ የድሃዋ ሴት ችግር የሚታየው ሆስፒታል ስትደርስ ሳይሆን ፍርድ ቤት ስትቀርብ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጉዳት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ከደነገገው ጋር ይህ እንዴት ይታረቃል? ጥያቄውን ከሕግ ባለሙያው ጋር ማንሳት የሐኪሙም ድርሻ ነው።

በመሆኑም ሥልጠናው ሬዚደንቱን ሦስት ነገሮች ሊያስተምረው ይገባል፦ የሕግ አንቀጽ ማንበብ፣ የታካሚን ምስጢር ሳያወጣ ከዋርድ ያገኘውን ማስረጃ በአንድ ገጽ ማጠቃለል፣ እንዲሁም በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ፊት ለባለሙያ ላልሆነ ሰው በሚገባ ቋንቋ ማስረዳት። ይህ የፓርቲ ፖለቲካ አይደለም፤ የተለየ ኅሊናዊ አቋም ያለውን ባልደረባም ማክበርን ይጨምራል።

በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት የእናቶች ሞት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 871 ነበር፤ በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ለውጡን ያመጣው ሕግ ብቻ አይደለም፤ የቀረውን ሞት ለመቀነስ ግን ሕጉን የሚያውቅና ስለ ሕጉ መናገር የሚችል ሐኪም ያስፈልጋል።