ዓሣው ተረፈ፤ አጥማጆቹስ?

ወንጌላትን ስታነቡ ዓሣ በሚጠመድበት ቦታ ሁሉ ማለት ይቻላል የምታገኙት መረብ ነው። ጴጥሮስና እንድርያስ ሲጠሩ መረብ ይጥሉ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ባዶ የወጣውም፣ በኋላም ሞልቶ የከበደው መረብ ነው። መንጠቆ የሚጠቀሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጴጥሮስ የቤተ መቅደሱን ግብር የሚከፍልበትን ገንዘብ እንዲያገኝ ወደ ባሕር በተላከ ጊዜ (ማቴ. 17፥27)። ይህን ልዩነት እንዳስተውል ያደረገኝ በመረብ የሚኖሩና በመንጠቆ የሚዝናኑ ሰዎች ስለ አንድ ዓሣ የተጋጩበትን ታሪክ የሚተርክ መጽሐፍ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ፒተር ማቲሰን በ1986 ያሳተመው ሲሆን፣ ርዕሱ በአማርኛ «የሰዎች ሕይወት» ቢባል ያስኬዳል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አብዛኞቻችን በባሕር ዳር አላደግንም። ከእናንተ መካከል በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩት ግን የዚህ ዓሣ ዋነኛ መወለጃ የሆነውን የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በድልድይ ተሻግራችሁት ይሆናል። የትም ብትኖሩ ይህን መጽሐፍ እንድታነቡት የምመክረው ስለ ዓሣ ብቻ ስላልሆነ ነው። ትክክል የሆነ ሰው ጎረቤቱን እንዴት ሊጎዳ እንደሚችል ያሳያል።

በመጀመሪያ ዓሣውን እንወቀው። ስትራይፕድ ባስ ይባላል። መልኩ ብርማ ሲሆን ከራሱ ወደ ጅራቱ የሚሄዱ ሰባት ወይም ስምንት ጥቋቁር መስመሮች አሉት። የሚወለደው በወንዝ ውኃ ነው፤ ሲያድግ ወደ ጨዋማው ባሕር ይወርዳል። በጸደይ የአሜሪካን ምሥራቃዊ ዳርቻ ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ በበልግ ተመልሶ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ሰዎች ይህን ዓሣ የሚያከብሩት ዛሬ ብቻ አይደለም። የማሳቹሴትስ ሰፋሪዎች ገና በ1639 ዓሣው ለእርሻ ማዳበሪያ እንዳይውል ከልክለው ነበር። የፕሊመዝ ሰፋሪዎችም በ1670 ከዚህ ዓሣና ከመሰሎቹ ከሚገኘው ገቢ ትምህርት ቤት እንዲደገፍ ወስነዋል።

ይህን ዓሣ ለመያዝ ከተፈለሰፉት መንገዶች ሁሉ ብዙ የተጻፈለት «በዝንብ ማጥመድ» የሚባለው ነው። ስሙ ከወንዝ የመጣ ነው፤ በባሕር ላይ ግን ማታለያው የሚመስለው ዝንብን ሳይሆን ትንሽ ዓሣን ነው። ከላባና ከአጋዘን ጅራት ጠጉር ተሠርቶ መንጠቆ ላይ ይታሰራል። ሜሪላንዳዊው ሌፍቲ ክሬህ በ1950ዎቹ ለዚሁ ዓሣ ብሎ የሠራው ማታለያ በጣም ከመታወቁ የተነሣ በ1991 በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ወጥቷል፤ ስሙም «አታላይ» ማለት ነው። ማታለያው እንደ ላባ ቀላል ስለሆነ ብቻውን ሩቅ አይወረወርም። የሚሸከመው የወፍራሙ ክር ክብደት ነው፤ አጥማጁ ዘንጉን ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወዛወዘ ክሩን አየር ላይ ይዘረጋዋል። ከባሕሩ ነፋስ ጋር ይህን ማድረግ ትዕግሥት ይጠይቃል። አጥማጁ በጨለማ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ ውኃው ሲሸሽ ትናንሾቹ ዓሦች የት እንደሚሰበሰቡ ያጠናል። ከያዘ በኋላም ብዙውን ጊዜ መልሶ ይለቅቃል።

እንዲህ ያለ ጸጥታ ሃይማኖታዊ ስሜት ቢያሳድር አይገርምም። እንግሊዛዊው አይዛክ ዋልተን በ1653 ስለ መንጠቆ ባሳተመው መጽሐፍ አጥማጅነትን ከመንፈሳዊ ጥሞና ጋር አያይዞታል። በ1976 ደግሞ የፕሬስቢቴሪያን አገልጋይ ልጅ የሆነው ኖርማን ማክሊን በሞንታና ወንዞች ላይ ከአባቱና ከወንድሙ ጋር በዝንብ ስለ ማጥመድ የጻፈው አጭር ልብ ወለድ ወጣ፤ በ1992 ፊልም ሆነ። የማክሊን ታሪክ ልብ ግን ወንዙ አይደለም። የሚወደውን ወንድሙን ሊረዳው ፈልጎ እንዴት እንደሚረዳው ያላወቀ ሰው ኀዘን ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ የአጥማጅነት ጽሑፎች፣ የባሕሩ ዳርቻም ጭምር፣ ወንዙን ወስደው ወንድሙን ተዉት። ብቻዬን ነበርሁ፣ ጎህ ሲቀድ አየሁ፣ ዓሣውን ለቀቅሁት፣ ነፍሴ ታደሰች ይሉናል። በዚያው ዳርቻ ለእንጀራው የቆመ ሌላ ሰው ይኑር አይኑር አይነግሩንም።

የማቲሰን መጽሐፍ ያንን ሌላ ሰው ያሳየናል። ቦታው በኒው ዮርክ ግዛት የሎንግ አይላንድ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ሳውዝ ፎርክ የሚባለው ነው። በዚያ የሚኖሩት መረብ ጣዮች ብዙዎቹ በ17ኛው መቶ ዘመን ከሰፈሩ እንግሊዛውያን የተወለዱ ናቸው። ጎህ ሳይቀድ ጀልባቸውን በመኪና አሸዋው ላይ ያደርሳሉ። የመረቡን አንድ ጫፍ ዳርቻው ላይ ትተው ማዕበሉን ሰንጥቀው ይገባሉ፤ መረቡን በግማሽ ክብ እየጣሉ ይመለሳሉ፤ ከዚያም ሁለቱን ጫፎች መኪና ላይ በተገጠመ ዊንች ይጎትታሉ። ጀልባዋ ማዕበሉ ውስጥ ብትገለበጥ ሰው ሊሞት ይችላል። ማቲሰን ይህን ከሩቅ አልሰማም፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ አብሯቸው መረብ ጎትቷል። ርዕሱን የወሰደው ከዋልተር ስኮት ልብ ወለድ ሲሆን፣ ዓሣ ሻጯ በዋጋ ለሚከራከራት ገዢ ዓሣው በምን ዋጋ ከባሕር እንደ ወጣ የምታስታውስበት ንግግር ነው።

የመጽሐፉ ትልቁ ብርታት ማዳመጡ ነው። ሰዎቹ በስማቸው፣ በአነጋገራቸው፣ በቀልዳቸውና በቂማቸው ይገባሉ። ደራሲው አያስውባቸውም፤ ሲጠጡም ሲጣሉም ያሳየናል። ስለዚህ ከፊታቸው የሚቆመውን ሕግ ስናገኝ የምናውቃቸው ሰዎች ጉዳይ ይሆንብናል። ሕጉም እንዲህ ነበር፦ ዓሣው እየጠፋ መጣ። ለገበያ የሚያዘው መጠን ከ1973 እስከ 1983 ባሉት 10 ዓመታት ከሦስት አራተኛ በላይ ቀነሰ። በ1983 ኒው ዮርክ ሊያዝ የሚችለውን የዓሣ ርዝመት ዝቅተኛ ወሰን ከ16 ኢንች ወደ 24 ኢንች (61 ሴንቲ ሜትር ያህል) ከፍ አደረገች። መረብ ጣዮቹ ኑሯቸው የቆመው በአብዛኛው ከዚያ ባነሱት ዓሦች ላይ ነበር። ሕጉን አጥብቀው የደገፉት ደግሞ ለመዝናናት በመንጠቆ የሚያጠምዱት ነበሩ፤ ለእነርሱ ዓሣው የዕለት እንጀራ አልነበረም።

ማቲሰን በዚህ ክርክር ከወዳጆቹ ጋር ይቆማል። ለዓሣው መጥፋት የወንዞቹና የባሕረ ሰላጤው መበከል ትልቅ ምክንያት ሆኖ ሳለ ድምፅ የሌለው ሰው ብቻ ተከሰሰ የሚለውን ቅሬታቸውን ያስተጋባል። ቁጣው እውነት አለው። ነገር ግን እዚህ ላይ መጽሐፉን ልንሞግተው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፣ ደራሲው ለመረብ ጣዮቹ የሰጠውን ጆሮ ለባለ መንጠቆዎቹ አልሰጠም። እነርሱ አብዛኛውን ጊዜ በማኅበራቸው ስም፣ እንደ ጭፍራ ይመጣሉ። እርሱ ራሱ በሞንታውክ ለመዝናናት የሚያጠምዱ ሰዎችን በክፍያ በጀልባ ያወጣ ስለነበር ፊታቸውን ያውቀዋል፤ መጽሐፉ ውስጥ ግን አልሣለውም። የተገፋውን ለማስከበር ገፊውን ፊት አልባ ማድረግ ለጸሐፊ የሚቀርብ ፈተና ነው፤ ለሰባኪም እንዲሁ።

ሁለተኛ፣ ዓሣው ራሱ ምስክርነቱን የሰጠው መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ነው። ሜሪላንድ ከ1985 እስከ 1990 ይህን ዓሣ ማጥመድ ፈጽማ ከለከለች፤ ሌሎች ግዛቶችም ገደባቸውን አጠበቁ። በ1995 ዓሣው ማገገሙ በይፋ ተነገረ። ብክለት ድርሻ ቢኖረውም እጃችንን መሰብሰባችን ውጤት አመጣ ማለት ነው። ከማቲሰን ጋር በዚያው ዳርቻ መረብ የጎተተው ጆን ኮል በ1978 በጻፈው መጽሐፍ ዓሣው እየጠፋ መሆኑን አስጠንቅቆ ነበር። አንድ መረብ ጎትተው ሁለት ዓይነት መጽሐፍ መጻፋቸው፣ መረብ ጣዮቹን መውደድና ስለ ዓሣው መጨነቅ በአንድ ልብ ሊኖሩ እንደሚችሉ ያሳያል። በዘዳግም 22፥6-7 የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን እንዲለቅ የተሰጠውን ትእዛዝ አስቡት፤ ነገ እንዲኖር ዛሬ መተው አለ። የዛሬው የባስ ሕግ ትልልቆቹ ዓሦች፣ በተለይ ብዙ እንቁላል የሚጥሉት እንስቶች፣ እንዲለቀቁ ማዘዙ ከዚህ ሐሳብ ሩቅ አይደለም።

እንግዲህ ሕጉ ትክክል ከነበረ ማቲሰን ተሸነፈ? አልተሸነፈም። ዓሣው ተመልሷል፤ በዳርቻው መረብ የሚጎትቱት ግን አልተመለሱም። ገበያው በ1990 ሲከፈት ኒው ዮርክ ይህን ዓሣ በዚያ መረብ መያዝን ከለከለች። መተው ካስፈለገ ሁሉም መተው ነበረበት፤ አንዱ የዕረፍት ቀኑን ሲተው ሌላው ኑሮውን ተወ። ደግሞ የመልቀቅን ነገር ከተጠጋን፣ መንጠቆውም የሚመስለውን ያህል ንጹሕ አይደለም። የዓሣ ሀብቱን የሚቆጣጠሩት ባለሙያዎች ከሚለቀቁት 100 ዓሦች 9 ያህሉ እንደሚሞቱ ይገምታሉ። ይህ ለሁሉም ዓይነት መንጠቆ የተወሰደ አማካይ ቢሆንም የሚለቀቀው በሚሊዮን ስለሚቆጠር ድምሩ ቀላል አይደለም። በ2019 ይፋ በሆነው ጥናት ዓሣው እንደገና ከመጠን በላይ እንደ ተጠመደ ሲታወቅ፣ በማጥመድ ምክንያት ከሞቱት ወደ ግማሽ የሚጠጉት ተለቅቀው የሞቱ ነበሩ። ለቀቅሁት ብሎ በሰላም ወደ ቤቱ የሄደው ሰው ያላየው ሞት ነው።

ነቢዩ ዕንባቆም ስለ ራሱ መረብ የሚሠዋና የሚያጥን አጥማጅ ይናገራል (ዕን. 1፥15-16)። ቃሉ ስለ ጨካኝ መንግሥት ነው፤ ሥዕሉ ግን ለእኛም ይሠራል። ሰው የሚጠቅመውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን ጸጥታ የሚሰጠውን ልማድም ሊያመልክ ይችላል። የዝንብ ዘንግም ሊታጠንለት ይችላል። የእኛም መዝሙር፣ የእኛም የጥሞና ሰዓት፣ ጎረቤታችን የሌለበት ከሆነ ከዚህ ነጻ አይደለም።

ማቲሰን ክርስቲያን አይደለም፤ የዜን ቡድሂዝም ተከታይና መምህር ነበር፤ በ2014 ዐርፏል። መጽሐፉ ውስጥ የወንጌልን ተስፋ አትፈልጉ። ይሁን እንጂ ሰዎቹን በስማቸው ጠርቶ ያቆመበት ትዕግሥት፣ ባልንጀራዬ ማን ነው የሚለውን የቆየ ጥያቄ ለሚያነብ ክርስቲያን ትልቅ ትምህርት ነው።

በኅብረታችሁ ከተወያያችሁበት በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ጀምሩ። በቤተ ክርስቲያናችን ትክክል የሆነ ግን ዋጋውን አንድ ወገን ብቻ የከፈለበት ውሳኔ አለን? የተቃወሙንን ሰዎች ስንት ስም እናውቃለን? ደግሞም እኛ ለቀቅን የምንለው ነገር በእርግጥ በሕይወት መኖሩን ተመልሰን ያየነው መቼ ነው? መልሱን አትቸኩሉበት። ጌታ ማስተዋልን ይስጣችሁ።